የክፉ ዓመት ወይን

በአራዳ፣ የጊዮርጊስ ደወል ጥርት ብሎ በሚሰማበት አንድ ጉራንጉር ውስጥ፣ ዕድሜውን በአስተናጋጅነት የጨረሰ ሰው ነበረ። ፒያሳ ከነበሩት የጣሊያን ምግብ ቤቶች በአንዱ ነጭ ኮት ለብሶ፣ ፎጣ በክንዱ ላይ አጣጥፎ፣ ፓስታ ሲያቀርብና ጠርሙስ ሲከፍት ነው ጠጉሩ የሸበተው። ታሪኩ ምሳሌ ነው፤ ሰውዬውን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ሰፈሩን፣ ወይኑንና ዘመኑን ግን እኔ አልፈጠርኳቸውም።

የሚኖርበት ቤት ከአንድ የድሮ መኳንንት ግቢ የተሸነሸነ የቀበሌ ቤት ነበር። ላይኛው ፎቅ እንጨትና ጭቃ፣ ዙሪያው በረንዳ፤ ታችኛው ግን እጅ ሲያሳርፉበት የሚቀዘቅዝ ወፍራም የድንጋይ ግንብ። በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ላይኛው ፎቅ ለአምስት አባወራ ተከፋፈለ፤ ለአስተናጋጁ አባት የደረሳቸው ምድር ቤቱ ነበር። ብዙ አዝነዋል። ምድር ቤት ብርሃን የለውም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው ይረጥባል። ከሁሉም የከፋው በስተኋላ ያለው መስኮት አልባ ጓዳ ነበር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ሙቀቷ ድሮም አይበረታም፤ ያ ጓዳ ደግሞ የሚያዝያ ፀሐይ ቆርቆሮ በሚያጮኽበት ሰዓት እንኳ እንደ ንጋት ቀዝቃዛ ነው። የአስተናጋጁ ሚስት የጉራጌ ልጅ ናት፤ ቅቤዋን፣ ሽንኩርቷንና ካገር ቤት የሚላክላትን ቆጮ እዚያ ታስቀምጣለች።

ልጃቸው የተወለደችው በሐምሌ 2000 ነው። መስከረም ላይ በሚሊኒየሙ ርችት የተከፈተው ዓመት በኑሮ ውድነት ተዘጋ። በደቡብ የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ የጤፍ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት አልጨበጥ አለ፤ በአዲስ አበባም ሰው ጆንያውን በብብቱ ይዞ የመንግሥት ስንዴ ለመሸመት ቀበሌ ይሰለፍ ነበር። እናትየው ሆዷ ገፍቶ ተሰልፋለች። ልጅቷ ያለ ቀኗ መጣች፤ ክብደቷ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ቀና ብሎ ዝም ይላል።

ምግብ ቤቱን ከሚያዘወትሩት መካከል አንድ አዛውንት ፈረንሳዊ መምህር ነበሩ። ሁሉም ሰው ሙሴ ይላቸዋል። ትውልዳቸው ቡርጎኝ ከተባለው የወይን አገር ነው። በ2003 ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ አንድ ካርቶን ይዘው መጡና ጠረጴዛ ላይ አኖሩለት። ስድስት ጠርሙስ ቀይ ወይን ነው። አስተናጋጁ በሥራው ልምድ የላቲን ፊደል ያነባል፤ አንዱን ብድግ አድርጎ ኑዊ ሳን ዦርዥ የሚለውን ጽሑፍ አየ፤ ከሥሩ በአውሮፓ አቆጣጠር 2008 ይላል።

«ሙሴ፣ ሳን ዦርዥ ማለት ቅዱስ ጊዮርጊስ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ወይኑ የሚመጣባት ከተማ ድሮ ኑዊ ብቻ ነበር የምትባለው። ሳን ዦርዥ የታወቀው የወይን ማሳዋ ስም ነው፤ በ1892 በራሷ ስም ላይ ጨመረችው።»

ይህ በእነሱ አቆጣጠር ከዓድዋ ድል አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። አስተናጋጁ ግን የዘመን ስሌት ውስጥ አልገባም፤ የሰማው ስሙን ብቻ ነው። በአራዳ ጊዮርጊስ ሲባል ታቦቱም ነው፣ ቢራውም ነው፣ በ1928 በዚሁ ሰፈር የተመሠረተው የእግር ኳስ ቡድንም ነው። አሁን ደግሞ ወይን ሆኖ መጣ። ጠርሙሱን ሊሳለመው ምንም አልቀረው።

«ይህ የልጅህ ዓመት ነው» አሉት ሙሴ። «እሷ በተወለደችበት ክረምት ዘለላው ተክሉ ላይ ነበር። መጥፎ ዓመት ይሉታል፤ አልዋሽህም።»

ከዚያም ነገሩን አስረዱት። እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲቀር እነሱ ዘንድ አላቆም ብሎ ነበር። የቡርጎኝ ቀይ ወይን የሚጠመቀው ፒኖ ኗር ከሚባል የወይን ዓይነት ነው፤ ቆዳው ስስ፣ ዘለላው ጥቅጥቅ ያለ፣ እርጥበት የማይችል ተክል ነው። በዚያ ዓመት አበባው በብርድ ተመትቶ ብዙው ሳይቋጥር ረገፈ። የቋጠረውንም በጋው ሙሉ ሻጋታ ፈተነው። ቅጠል ማራገፍ፣ መድኃኒት መርጨት፣ ደግሞ ማራገፍ። በእኛ አዲስ ዓመት ሲጠባ ገበሬው ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ነበር። ከእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን በኋላ ግን ከሰሜን ደረቅ ነፋስ ተነሣ። ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ደረቅ ነው፤ ሻጋታውን ገታው፣ ፍሬው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃም መጠጠው። እኛ ደመራ ለኩሰን መስቀልን ባከበርንበት ሰሞን ለቀማው ተጀመረ። ለቃሚው ዘለላውን ቆርጦ ቅርጫት ውስጥ በመጨመር ብቻ አላቆመም። ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ግራና ቀኝ ሰው ቆሞ፣ የበሰበሰውን ፍሬ በጣት እየነቀሰ ይጥል ነበር። መሬት ላይ የተጣለው ብዙ ነው።

የተረፈው ፍሬ ጥርስ የሚያጠርስ ሆነ። ወይን ከተጠመቀ በኋላ ሁለተኛ መፍላት የሚሉት አለ፤ ያልበሰለ ፖም ዓይነት ኮምጣጣነቱን ባክቴሪያዎች ወደ እርጎ ዓይነት ለስላሳነት ይለውጡታል። የዚያ ዓመቱ ወይን ከኮምጣጣነቱ ብዛትና ከጓዳው ቅዝቃዜ የተነሣ ለዚህ ለውጥ እንኳ እጅግ ዘገየ፤ በብዙ ቤት በርሜል ውስጥ ክረምቱን አልፎ እስከ ቀጣዩ በጋ ተኝቷል። ከፊቱ 2005፣ ከኋላው 2009፣ ሁለቱም የተወደሱ ዓመታት ናቸው። እሱ በመካከል እንደ እንጀራ ልጅ ቀረ።

«አሁን እንዳትከፍተው» አሉ ሙሴ ሲሰናበቱ። «ጨለማ፣ ቅዝቃዜ፣ ጸጥታ። በጎኑ አጋድመው፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። ልጅህ ትከሻህ ላይ ስትደርስ ትከፍተዋለህ።»

አስተናጋጁ እሺ አለ፣ ግን አልቻለም። እንዴት ይቻለው? ያደገው ጠጅ በሚጠጣበት አገር ነው። ጠላ ከሰነበተ ሆምጣጤ ይሆናል፤ ጠጅም በወጉ ካልተጠጣ ይኮመጥጣል፤ የተጠመቀ ነገር ቀን ሳያልፍበት ለሰው ይቀርባል። የልጅቷ ሦስተኛ ዓመት ልደት ላይ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፈተ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቱ፣ ወርቅ ሠሪው፣ የፎቁ እማማ ሁሉም ተሰብስበዋል። ልብስ ሰፊው አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ፊቱ ተጨማደደ።

«ይሄማ ሆምጣጤ ነው! ለሰላጣ ይሁን።»

አንዱ ኮካ ይቀላቀልበት አለ። ተቀላቀለበት፤ ልጆቹ እንዳይቀምሱ ብርጭቆው ከፍ ካለ ቦታ ተቀመጠ፤ እዚያው ረስተውት አደረ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ለዘመድ ሠርግ ይዞ ሄደ፤ እሱም ያው ሆነ። ሦስተኛውን በፎጣ ጠቅልሎ ጊዮርጊስ ወሰደው፤ ስሙ የሰማዕቱ ነውና ለቅዳሴ ይሁን ብሎ። ቄሰ ገበዙ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት፤ ቁርባን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ተጨምቆ መሆኑን በለሰለሰ ቃል ነግረው መለሱለት። «ስሙን ካከበርክለት ቤትህ አስቀምጠው፣ ልጄ» አሉት።

ያን ዕለት ማታ ሚስቱ ጠርሙሱን ከእጁ ተቀበለችው።

«እስቲ ስማኝ። እኔ ስለ ወይን አላውቅም። ቆጮ ግን አውቃለሁ። እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ሲገባ፣ ኮባ ለብሶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ በየሳምንቱ እየከፈቱ አያዩትም። ቶሎ የቀመሰው ሰው ይኮመጥጣል ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ገና ስለሆነ ነው። አያቴ ለክፉ ቀን የቀበረችው ነበራት። ስንት ዓመት እንደቆየ ነግራን አታውቅም። ጉድጓዱን ስትከፍት ግን ሰፈር ይሰበሰባል። አንተ ይሄን ጉድጓድ በየበዓሉ ትቆፍራለህ።»

አራቱን ጠርሙሶች ወስዳ በጓዳው ጥግ፣ ከቅቤው እንስራ ጀርባ፣ አሮጌ ነጠላ ላይ በጎናቸው አጋደመቻቸው። ቁልፉን በወገቧ መቀነት ቋጠረች።

ከዚያ ወዲያ የተከፈተው በእኛ አቆጣጠር በ2008 ነው፤ ልጅቷ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ። ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር። አይኮመጥጥም፣ አይጣፍጥም። ሽታው ጠፍቷል። «ዝም አለ» አለ አስተናጋጁ፤ ሌላ ቃል አላገኘለትም። ሙሴን በስልክ ሲያገኛቸው እሳቸውም ይህንኑ ቃል ነው የተናገሩት፤ የቡርጎኝ ወይን መሐል ዕድሜው ላይ እንዲህ ተዘግቶ ዝም የሚልበት ዘመን አለው፣ ዕድሜው ይንገረው፣ ተዉት አሉ። በ2012 ደግሞ ሚስቱ ጓዳ ገብታ ነጠላው ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየች። አንዱ ጠርሙስ ቡሹ አልያዘም ኖሮ ሲያንጠባጥብ ከርሟል። ከፍተው ቀመሱት፤ ይሄኛው በእውነት ሆምጣጤ ነው። ደፉት። ሁለት ቀሩ።

በ2016 የፒያሳ መፍረስ መጣ። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር በየተራቸው ተነኩ። በሩ ላይ ምልክት ተደረገ፤ አይሱዙ መኪና በጉራንጉሩ አፍ ቆሞ ዕቃ መጫን ጀመረ፤ ሰው የገዛ ቤቱን ቆርቆሮ እየነቀለ፣ መዝጊያውን እየሸጠ፣ ሃምሳ ዓመት የኖረበትን ግድግዳ እየዳሰሰ ወጣ። ለአስተናጋጁ ቤተሰብ ከከተማው ጫፍ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላቸው፣ አራተኛ ፎቅ። ልብስ ሰፊው ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ወርቅ ሠሪው ወደ ሌላ፣ እማማ ወደ ልጃቸው ቤት።

ቅዳሜ የካቲት 23 ቀን፣ የዓድዋ ዕለት፣ የጊዮርጊስም ቀን ነው፤ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም። ሚስትየው መቀነቷን ፈታች። ቁልፉን አውጥታ ለባልዋ ሰጠችውና «አሁን ልጅህን አያት» አለችው። ልጅቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ጆንያ ትቋጥራለች። ትከሻውን አልፋዋለች።

አስተናጋጁ አስቀድሞ፣ ዐርብ ጠዋት፣ አንዱን ጠርሙስ ቀስ ብሎ አቁሞት ነበር፤ ዝቃጩ እንዲረጋ። ቅዳሜ ማታ ጎረቤቶቹን ጠራቸው። ወንበር ተጭኖ ሄዷል፤ ሰው በጆንያና በፍራሽ ጥቅል ላይ ተቀመጠ። ነጩን ኮቱን ከሻንጣ አውጥቶ ለብሶ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። የጠርሙሱን አንገት በፎጣ ጠረገው። መክፈቻውን ሲያስገባ ቡሹ ላይኛው ጫፉ ላይ ፈረፈረ፤ እጁን አቆመ፤ ትንፋሹን ይዞ፣ ጠመዝማዛውን ትንሽ አጋድሎ ዳግም አስገባው፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ጥርስ ሳይጎትት፣ እያባበለ አወጣው። ቡሹ ከሥሩ ጠቁሮ፣ ወዝቶ ነበር። ሻማ ከጠርሙሱ አንገት ኋላ አቆመና መቅዳት ጀመረ። ብርሃኑ በወይኑ ውስጥ አልፎ ይታያል፤ ቀይነቱ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ወደ ሸክላ ቀለም ዞሯል። ጥቁሩ ዝቃጭ አንገቱ ላይ ብቅ ሲል እጁን ቀጥ አደረገ። ከሥር ሁለት ጣት ያህል ቀረ። የወይን ብርጭቆ ስላልነበረ በሻይ ብርጭቆ ነው የቀዳው።

አንደኛ ያሸተተችው ልጅቷ ናት፤ እንድትጠጣ አልተፈቀደላትም። አፍንጫዋን ብርጭቆው ላይ ደፍታ ቆየች።

«አባባ፣ ክረምት ሲወጣ እንጦጦ የሄድን ቀን ነው የሚሸተው። ዛፉ ሥር ያለው አፈር። ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ የደረቀ ጽጌረዳ።»

ልብስ ሰፊው ጠጣ። ፊቱ አልተጨማደደም። ብርጭቆውን ወደ ሻማው አቅርቦ አየውና፣ «ይሄ ያ ነው?» አለ። «ያው ራሱ?»

«ያው ራሱ ነው» አለ አስተናጋጁ። «ያን ጊዜ የጠላነው ኮምጣጣነት ነው እስከ ዛሬ ያቆየው። ቶሎ የሚጣፍጥ ብዙ ወይን ቀድቻለሁ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ውሃ ሆኖ ያገኘሁትም አለ። ይሄ የሚይዘው አጥንት ነበረው። ሌላው ነገር በአጥንቱ ላይ ቀስ ብሎ ሥጋ አለበሰ።»

ልብስ ሰፊው እንባ አቀረረ። ሥራውን፣ ደንበኞቹን፣ የአባቱን የስፌት መኪና ያቆመበትን ጥግ ለቅቆ ሊሄድ ነው። «እንግዲህ እኛም እንዲሁ ነን» አለ። «ክፉ ቀን ሰውን ያበስላል።»

ሚስትየው ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ክፉ ቀን ምንም አያበስልም» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሙሴ የነገሩህን ረሳኸው? ዝናቡ ያበላሸውን አበላሽቷል። የበሰበሰው ተጥሏል። ይሄ የተረፈው ሰው ቆሞ አንድ አንድ ፍሬ ስለለየለት ነው፤ ነፋስ ስለደረሰለት ነው፤ ስትቸኩሉም ቁልፉን ስለያዝኩባችሁ ነው። ይሄ ግድግዳ ነው ያበሰለው።» እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። «ልጄም ብትሆን ስንዴ ውድ ስለሆነ አላደገችም። እማማ ሌሊት ሌሊት ደረታቸው ላይ አድርገው ስላሞቋት ነው ያደገችው። ስንዴው ውድ ባይሆን ይሻል ነበር።»

እማማ አንገታቸውን ደፉ። ለረጅም ጊዜ የተናገረ የለም።

ስድስተኛው ጠርሙስ በነጠላው ተጠቅልሎ በሚስትየው ጭን ላይ ሆኖ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሄደ። አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ የዞረ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግድግዳውን የሚጋግር ቤት ነው። አልጋ ሥር አደረጉት፤ ሞቀ። ወጥ ቤት አደረጉት፤ ባሰ። አስተናጋጁ እንግዲህ እንክፈተው አለ፤ ሌላ ምን ይደረግ? ልጅቷ ግን ጠርሙሱን ይዛ ወጣች። ገና ማንንም አያውቁም። ከሦስተኛ ፎቅ ጀምራ በር እያንኳኳች፣ «ፀሐይ የማይገባበት ጥግ አላችሁ?» እያለች ወረደች። ሦስተኛ ፎቅ በሩን ገርበብ አድርገው ሰሟትና ዘጉ። ሁለተኛ ፎቅ ሰው የለም። አንደኛ ፎቅ አንዲት እመቤት ከካዛንቺስ የመጡ ናቸው፤ እጃቸው ሊጥ ነክቷል። ከሰሟት በኋላ ጠርሙሱን አዩት፣ እሷን አዩ።

«ከደረጃው ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ ጠላዬን የማስቀምጥበት» አሉ። «ነይ፣ ከጋኑ ጀርባ እናጋድመዋለን። ስንት ዓመት ይቆያል?»

«አናውቅም» አለች ልጅቷ።

«ይቆይ።»

*

ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ስለ ወይን ላስተምር ብዬ አይደለም። ልብስ ሰፊው የተናገረውን ቃል ሁላችንም እንናገረዋለን፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። የተቸገረ ሰው ፊት ቆመን መከራ ያጠነክርሃል እንላለን። ቃሉ የሚያጽናና ይመስላል፤ ግን ከኃላፊነት ያወጣናል። መከራው ራሱ የሚያሳድግ ከሆነ እኛ ምን እንሠራለን? ጓዳም አያስፈልግ፣ ቁልፍ ጠባቂም አያስፈልግ። በዚያ ዝናባማ በጋ በቡርጎኝ መሬት ላይ የተጣለውን ፍሬ ግን ማንም ጠጥቶት አያውቅም። የምንጠጣው ከዚያ ዓመት ያመለጠውን ነው፤ ያመለጠውም በሰው እጅ ነው።

አራዳ ጊዮርጊስን ተመልከቱ። በ1929 ጣሊያን አቃጥሎታል። ዛሬ ደወሉን የምንሰማው እሳት ስላጠነከረው አይደለም፤ ከነጻነት በኋላ ያደሱት፣ የሣሉት፣ ጣሪያውን መልሰው ያለበሱት ሰዎች ስለነበሩ ነው።

የቡርጎኝ ሰዎች የወይን ማሳቸውን በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍለው እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩታል። በእግር መንገድ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ማሳዎች ሁለት ስም፣ ሁለት ጣዕም አላቸው። 1,247 ያህል ናቸው፤ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የታወሱኝ ሰፈሮቻችን ናቸው። ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር፣ ውቤ በረሃና እሪ በከንቱ በእግር የሚደራረሱ ነበሩ፤ ግን አንዱ የሌላው አልነበረም። የፈረሰው ግድግዳ ብዙው ያረጀ፣ የሚያፈስ፣ ለኑሮ የማይመች እንደነበር አውቃለሁ፤ እዚያ ውስጥ ያላደረ ሰው ብቻ ነው ዝናብ የሚገባበትን ጣሪያ የሚናፍቅ። የሚያሳስበኝ ግድግዳው በውስጡ ይዞት የነበረው ጓዳ ነው። ያለ ቀኗ የተወለደችን ልጅ ደረታቸው ላይ የሚያሞቁ እማማ ከላይ ፎቅ መኖራቸው፣ ቀብር ሲመጣ ድንኳን ይዞ የሚደርስ እድር፣ ሱቁ ውስጥ ያለው የዱቤ ደብተር። ይህ ሁሉ በአንድ አይሱዙ አይጫንም፤ ሰዎቹም በአራት አቅጣጫ ሲበተኑ አብሮ ይበተናል።

በአዲሱ ቦታ የተቀመጠውን ሰው ገና ሳይሰነብት እየቀመስን ነው። ኮመጠጠ እንላለን። የፒያሳ ልጅ አዲሱ ክፍል ውስጥ ዝም አለ፣ እናቱ ከብሎኩ ሰው ጋር አልተግባባችም፣ አባቱ ሥራ ፈታ። ምናልባት ዝም የሚልበት ዘመኑ ነው። ምናልባትም ቡሹ አልያዘ ይሆናል፤ እያንጠባጠበ ይሆናል፤ ጓዳ ገብቶ ነጠላውን የሚያይ ሰው ከሌለ ማን ያውቃል?

አስተናጋጁ ዛሬም በየወሩ በሃያ ሦስት ከከተማው ጫፍ ሁለት ታክሲ ይዞ አራዳ ጊዮርጊስ ይመጣል። ልብስ ሰፊውም ከሌላው ጫፍ ይመጣል። ቅዳሴው ሲያልቅ ቅጥሩ ሥር፣ ጥላው ባለበት በኩል ቆመው፣ ከሰፈሩ ሰው የመጣውን ይቆጥራሉ፣ ያልመጣውን ይደውሉለታል፣ የእድሩን መዋጮ ይቀበላሉ። መዝገቡን የምትይዘው ልጅቷ ናት።